ስም ዘግይቶ ሲመጣ፦ በጎልማሳነት ስለሚታወቅ ኦቲዝምና ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ርዕሴ ኦቲዝም ነው፤ ነገር ግን ስለ ሕፃናት ልናገር አልመጣሁም። በአገራችን ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የልጆችና የወላጆቻቸው ነገር ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ የማነሣው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ ብዙም ያልተነካውን ጥያቄ ነው፦ ልጅነቱን፣ ትምህርቱን፣ ትዳሩንና ሥራውን ያለ ምንም ማብራሪያ ያሳለፈ ሰው፣ አርባዎቹን ከዘለቀ በኋላ ኦቲዝም እንዳለው ሲነገረው ኑሮውን እንዴት ያስተካክላል?

ይህን የምጠይቀው ከውጭ ሆኜ አይደለም። የተወለድሁት በ1966 ዓ.ም. በላስታ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ብዙ በማይርቅ ጎጥ ነው። በ2012 ዓ.ም.፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም ኦቲዝም እንዳለኝ አረጋገጡልኝ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ በኩል እንደ መምህር፣ በሌላ በኩል እንደ ምሳሌ ሆኜ እቆማለሁ። የአንድ ሰው ታሪክ ጥናትን እንደማይተካ ተማሪዎቼ ከእኔው አፍ ደጋግመው ሰምተዋል፤ እናንተም በዚሁ ሚዛን ስሙኝ።

የንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የምርመራ ውጤት ሰውየውን አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ስለ ሰውየው የተሰጠውን ማብራሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማስተካከል ሥራም በአመዛኙ ሌላ ሰው መሆን አይደለም፤ ቀድሞ ሳናውቀው ደግፎ ያቆመንን ሥርዓት አሁን ዐውቀን መልሰን መሥራት ነው።

ኦቲዝም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ዛሬ የሚሠራባቸው መመዘኛዎች ሁለት ዋና ዋና ነገሮችን ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ከሰው ጋር የመግባባት መንገድ ነው፦ ያልተነገረውን ከፊት ገጽታ፣ ከድምፅ ቃና፣ ከአነጋገር ሽፋን የመረዳት ችግር። ሁለተኛው የድግግሞሽ፣ የጠባብና የጠለቀ ፍላጎት፣ የለመዱትን አካሄድ አጥብቆ የመያዝ ጠባይ ነው፤ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታ፣ ለልብስ ሻካራነት ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ስሜታዊ መሆንም በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል።

ሁሉም ሰው ላይ እኩል አይታይም። አንዱ በቃል መናገር የማይችልና የዕለት ተዕለት ርዳታ የሚያስፈልገው ይሆናል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። «ስፔክትረም» የሚለው ቃል የመጣው ይህን ስፋት ለመግለጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረው። መንስኤውን በተመለከተ የዘር ውርስ ድርሻ ከፍተኛ እንደሆነ የመንታዎች ጥናቶች አሳይተዋል፤ የወላጅ አስተዳደግ የሚያመጣው ነገር ግን አይደለም።

ስለ ቃሉ አጠቃቀም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «አለበት» የምንለው ስለ ዕዳና ስለ ሕመም ነው። «አለው» ሲሆን ግን ሀብትም ጠባይም ሊሆን ይችላል። «ኦቲዝም አለበት» ስንል ሳናስበው ፍርድ እንሰጣለን። እኔ «ኦቲዝም ያለው ሰው» ማለትን መርጫለሁ።

ስሙ ስለ ምን ዘገየ?

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ለምን በልጅነታቸው እንዳልታወቁ ለመረዳት የዕውቀቱን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም አሜሪካ ውስጥ የ11 ልጆችን ሁኔታ ገልጾ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በተከታዩ ዓመት ሃንስ አስፐርገር ቪየና ላይ ተመሳሳይ ነገር ጻፈ፤ ግሩንያ ሱካሬቫ የተባለች ሩሲያዊት ሐኪም ግን ከሁለቱም በፊት፣ በ1920ዎቹ፣ ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን በጥራት ገልጻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ጥፋቱ በ«ቀዝቃዛ» እናቶች ላይ የተለጠፈበት ዘመን መጣ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመዘኛ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ስሙም «የጨቅላነት ኦቲዝም» ነበር። እንግሊዛዊቷ ሎርና ዊንግ የአስፐርገርን ሥራ ለዓለም ያስተዋወቀችው በ1981 ነው። በርካታ ስሞች «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚለው አንድ ጥላ ሥር የተሰበሰቡት ደግሞ በ2013 ነው።

በ1980 እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በግ እጠብቅ ነበር። በአገራችን ለኦቲዝም ራሱን የቻለ የመጀመሪያው ማእከል፣ ጆይ የኦቲዝም ማእከል፣ በዘሚ የኑስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ዘሚ የዚህ ማእከል መነሻ የራሷ ልጅ ነው። እስከ ሞተችበት እስከ 2021 ድረስ ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ከጓዳ እንዲወጡ፣ እናቶቻቸውም እንዳያፍሩ ስትሟገት ኖረች። ዛሬ በዚህ አዳራሽ «ኦቲዝም» ስል አብዛኞቻችሁ ቃሉን ማወቃችሁ በከፊል የእርሷና የመሰሎቿ ድካም ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና አዲስ አበባ ላይ የዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ ጥናት፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ሁኔታ የሚሰጡት ምክንያት ድብልቅ እንደሆነ አሳይቷል፦ የወሊድ ችግርና የጭንቅላት ጉዳት ከክፉ መንፈስና ከኃጢአት ቅጣት ጋር ጎን ለጎን ይነሣል፤ ሕክምናውና ጠበሉም እንዲሁ ጎን ለጎን ይሄዳል። ይህ ዕውቀት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጥናቱም፣ ማእከሎቹም፣ ሥልጠናዎቹም በልጆች ላይ ያተኮሩ ናቸው። ጎልማሳው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ ነው። እኔም ወደ ሐኪም የሄድሁት የራሴን ልጅ ይዤ ነው። ሐኪሙ ስለ ልጁ ሲጠይቁኝ «ይህማ የእኔም ጠባይ ነው» እያልሁ መመለሴን አስተዋሉ፤ በሦስተኛው ቀጠሮ «አሁን ደግሞ ስለ ራስዎ እንነጋገር» አሉኝ።

የደበቀኝ ሥርዓት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዕውቀቱ አልነበረም ማለት ሁሉንም አያስረዳም። በላስታ ስኖር ችግሬ ጎልቶ አለመታየቱ ሌላ ምክንያት አለው፤ እርሱም የአካባቢው ሥርዓት ነው።

ከሰላምታ ልጀምር። የአገራችን የገጠር ሰላምታ ረዥም ነው፤ ግን ሁሉም ነገር የታወቀ ነው። ጥያቄው የታወቀ ነው፤ መልሱም የታወቀ ነው። «እንደምን አደራችሁ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ለሌላው ሰው ይህ ልማድ ነው፤ ለእኔ ግን ምርኩዝ ነበር። ምን ልበል ብሎ መጨነቅ አልነበረም።

ዓይንን እንውሰድ። በመመርመሪያ መጠይቆች ላይ «ዓይን ለዓይን አያይም» የሚለው ከታወቁት ምልክቶች አንዱ ነው። በላስታ ግን ሽማግሌ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ጨዋ ይባላል። እኔ በጨዋነቴ የተመሰገንሁት ሌላ አገር ለሐኪም በሚያስመራኝ ነገር ነው። ለሴቶች ይህ ይብሳል፦ ዝምተኛና ከሰው የማትቀላቀል ልጅ «ዐይነ አፋር፣ የደግ ልጅ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ማንም አይጠይቅላትም። ስለዚህ መጠይቆቹን ስንተረጉም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጠባዩ በባህላችን የሚሰጠውን ትርጉም መመርመር አለብን።

ሦስተኛው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ያደግሁት በዚያ ነው። ቀኑ የተከፋፈለ፣ የመቀመጫው ቦታ የታወቀ፣ ትምህርቱ በድግግሞሽ የሚሄድ ነበር፤ ቃል በቃል መያዝ ነውር ሳይሆን ክብር ነበር። እየተወዛወዝሁ ማጥናቴን ማንም አላየብኝም፤ ሁላችንም እየተወዛወዝን ነበርና። ባሕረ ሐሳብን ስማር የተሰማኝን ዕረፍት ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፤ ለ19 ታካፍላለህ፤ ከቀሪው አንድ ስትቀንስ ወንበሩን ታገኛለህ። ወንበሩን በ11 አባዝተህ 30 እየገደፍህ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ብታባዛው ደግሞ በዚያው መንገድ መጥቅዕን ይሰጥሃል። ለ2017 ዓ.ም. ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ሰው ዛሬ ስቆ ነገ ይቆጣል፤ ይህ ግን አይቆጣም። እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ልስጥ፦ ኦቲዝም ያለው ሁሉ ስሌት ዐዋቂ ነው የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ስሌት የማይወዱ ብዙ አሉ። የጋራው ነገር ስሌቱ ሳይሆን አስቀድሞ የሚታወቀውን መፈለጉ ነው።

አራተኛው ነገር ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል። ኦቲዝም ያለው ሰው ቃልን በቀጥታ ትርጉሙ ይወስዳል ይባላል፤ ታዲያ ሰምና ወርቅ እንዴት ገባህ ይሉኛል። መልሱ ቀላል ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ተነግሮሃል፤ የሚፈለግበት መንገድም ትምህርት ሆኖ ይሰጥሃል። ሰሙን ከወርቁ የመለየት ሥራ ለማንም በአንድ ጀምበር አይገኝም፤ ሁሉም እኩል ይደክማል። በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ የሚወረወር አሽሙር ግን ወርቅ እንዳለው ማንም አይነግርህም። ሁሉም ስቆ ያልፋል፤ አንተ ብቻ ቆመህ ትቀራለህ።

ይህን ሁሉ ስል ሥርዓቱን ለማሞካሸት ብቻ አይደለም። ያው ሥርዓት የማይናገረውን ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጮኸውን ልጅ አልደገፈም። እንደዚህ ያሉ ልጆች ጓዳ ውስጥ ተደብቀው፣ አንዳንዴም ታስረው መኖራቸውን የማናውቅ ጥቂቶች ነን። ሥርዓቱ የተሸከመው ሊሸፈን የሚችለውን ነው። እኔ ልሸፈን ከምችሉት መካከል ነበርሁ።

ሥርዓቱ ሲጎድል

ችግሩ የመጣው ከላስታ ስወጣ ነው። በከተማ የሥራ ሕይወት ውስጥ ያልተጻፈው ሕግ ከተጻፈው ይበልጣል። ስብሰባው በተባለው ሰዓት አይጀመርም፤ አጀንዳው ሌላ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። በአንድ የቀድሞ መሥሪያ ቤት አለቃዬ «አስብበት» ሲሉኝ ለሁለት ሳምንት አሰብሁበት፤ «ተወው» ማለታቸው እንደነበር የተረዳሁት በተግሣጽ ደብዳቤ ነው። ሌሎች የሚያዩትን ላለማጣት ሰዎችን ማጥናት ጀመርሁ፦ መቼ እንደሚስቁ፣ በስንት ጊዜ ዓይን ለዓይን እንደሚተያዩ፣ ሻይ ላይ ምን እንደሚያወሩ። ከመተኛቴ በፊት ለነገ የሚሆን ወሬ አዘጋጅ ነበር።

ተመራማሪዎች ይህን «ራስን መሸፈን» ይሉታል። ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ጥናቶች ራስን መሸፈንን ከድካም፣ ከጭንቀትና ከድብርት ጋር አያይዘውታል። አርባ ዓመት ሲሞላኝ ቤት እንደ ገባሁ መናገር የሚያቅተኝ ሆንሁ። ባለቤቴ ያኮረፍኋት ይመስላት ነበር። የኩርፊያ ጉዳይ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሆኜ ውዬ ለራሴ የተረፈ ነገር አልነበረም።

ከውጤቱ በኋላ፦ ያለፈውን መልሶ ማንበብ

የጎልማሳ ምርመራ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለው። ሐኪሙ ምልክቶቹ በልጅነት እንደነበሩ ማረጋገጥ አለባቸው፤ ስለዚህ የልጅነት ምስክር ያስፈልጋል። የእኔ ምስክር እናቴ ነበረች። መጠይቁን ይዤ ለገና ወደ አገር ቤት ወረድሁ፤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ጠየቅኋት። እናቴ ምንም አልረሳችም። አፌን የፈታሁት ከእኅቶቼ ሁሉ ዘግይቼ እንደ ነበር፣ የበግ ጠጉር ባና ገላዬን ስለሚኮሰኩሰኝ በብርድ ያለ ልብስ ማደርን እመርጥ እንደ ነበር፣ ጠጠሮችን በመጠን እየደረደርሁ ማንም ሲነካቸው እንደማለቅስ፣ ከበሮ ሲመታ እሸሽ እንደ ነበርና ዜማውን ከለመድሁት በኋላ ግን ከማኅሌቱ የሚያወጣኝ እንዳልተገኘ ነገረችኝ።

ስትጨርስ «ምን አለብህ አሉህ ታዲያ?» አለችኝ። እንደምችለው አስረዳኋት። ጥቂት ዝም አለችና «የታመምኸው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ያኔም ዛሬም አልታመምሁም፤ አፈጣጠሬ ነው» አልኋት። «እንግዲያውስ ስሙን ነው ያገኙልህ» አለችኝ፤ ቡናውንም ቀዳችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ተወያይቻለሁ፤ ከዚህ ያጠረና የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ስም ማግኘት መጀመሪያ እፎይታ ይሰጣል። «ግትር»፣ «ኩሩ»፣ «ሰው የማይወድ» ተብሎ የተጻፈብህ ሁሉ ሌላ ንባብ ያገኛል። እፎይታው ሲበርድ ግን ኀዘን ይመጣል። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ የሚል ሐሳብ ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ የጠፋ ወዳጅነት፣ የባከነ ጉልበት ይታሰባል። በጎልማሳነታቸው የታወቁ ሰዎች በተለያዩ አገሮች ለተመራማሪዎች የሰጡት ቃል ይህን የእፎይታና የኀዘን ድብልቅ ይመሰክራል። ሁለቱም በአንድ ቀን ሊመጡ ይችላሉ፤ በቅደም ተከተል አይሰለፉም። ስለዚህ አንድ ወዳጃችሁ እንዲህ ያለ ውጤት ሲነግራችሁ «ደስ አይልህም፣ አሁን ዐወቅህ» ማለትም፣ «አይዞህ፣ ይድናል» ማለትም ሁለቱም አይጠቅሙትም። ማዳመጥ ይበቃል።

ኑሮን መልሶ መሥራት

ይምርሐነ ክርስቶስን ያያችሁ አላችሁ። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በጥድ በተሸፈነው ገደል ሥር ባለው ሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ከዐለት አልተፈለፈለም፤ ተገንብቶ የቆመ ነው። ስሙን ያገኘው ከላሊበላ በፊት ከነገሠው፣ ንግሥናን ከክህነት ጋር አጣምሮ ከያዘው የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ግድግዳው በአክሱም ዘመን ጥበብ የተሠራ ነው፦ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ አንድ ረድፍ፣ ጥቁር የእንጨት ሠረገላ አንድ ረድፍ፣ እንደ ገና ድንጋይ፣ እንደ ገና እንጨት። እንጨቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን በየደረጃው አስሮ ይይዘዋል።

ከውጤቱ በኋላ ኑሮዬን ሳስተካክል በልቤ የነበረው ይህ አሠራር ነው። የሚከብደኝን ነገር ሁሉ ከሕይወቴ ማውጣት አልቻልሁም፤ አልፈለግሁምም። በከባዱና በከባዱ መካከል የሚያስር ነገር አስገባሁ። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ።

ለቅሶና ሰርግ በእኛ አገር የማይቀርባቸው ናቸው፤ የሚቀር ሰው ከሰው ተራ ይወጣል። ለእኔ ከባዱ ነገር ኀዘኑ አይደለም፤ ድንኳን ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ሆኖ መቀመጥ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ እንድሆን ጠየቅሁ። አሁን ቀድሜ እደርሳለሁ፤ መዝገቡን እይዛለሁ፤ የመጣውንና የቀረውን፣ የተከፈለውን እጽፋለሁ። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ለምን እንደመጣ ዐውቃለሁ። ከዕድርተኛው የሚበዛው ስለ ኦቲዝም አያውቅም፤ መዝገቡ ጥሩ እንደተያዘ ግን ያውቃል። ለማኅበራዊ ኑሮ የተሰጠ ሚና፣ የታወቀ ቦታና የታወቀ ሥራ ያለው ሰው ብዙ ነገር ይችላል።

ስለ ድምፅ ደግሞ። የማኅሌት ከበሮና ጸናጽል ከታክሲ ረዳት ጩኸት ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ እኔን የሚያደክመኝ ግን ሁለተኛው ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለው አእምሮ የሚመጣውን አስቀድሞ የመገመት ሥራው የተለየ ነው ይላሉ። ማኅሌት ቀጥሎ የሚመጣውን ይነግርሃል፤ መንገዱ አይነግርህም። ስለዚህ በጆሮ መድፈኛ የምሄደው መርካቶ ነው እንጂ ማኅሌት አይደለም።

ድካምን በተመለከተ ቀኖቼን እንደ ጾምና ፍስክ ማከፋፈል ለምጃለሁ። ሁለት ስብሰባ ባለበት ቀን ማታ እንግዳ አልቀበልም። ባለቤቴም ዝም ስል ኩርፊያ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ «ዛሬ ቃል አልቀረልኝም» ስላት ይበቃታል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለትዳራችን ያደረገችውን ማንም መድኃኒት አላደረገውም።

ለማን ይነገር የሚለው ጥያቄ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ነው። እኔ ለቤተሰቤ፣ ለንስሐ አባቴና ለቅርብ የሥራ ባልደረቦቼ ነገርሁ። ከስሙ ይልቅ የሚያስፈልገኝን ማስቀደም ይበልጥ ጠቅሞኛል፦ «ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ፤ የስብሰባ ለውጥ ካለ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩኝ።» ይህን ለመፈጸም ስለ ኦቲዝም ማወቅ አያስፈልግም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የሁለት ወገን ሥራ

እስካሁን ያወራሁት አንዱ ወገን ስለሚያደርገው ነው። ዴሚየን ሚልተን የተባለው፣ ራሱም ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጠቃሚ ሐሳብ አቀረበ። አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት ሳይሆን የሁለት ወገን ነው አለ፤ ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል። ሐሳቡ በሙከራ እየተፈተነ ነው፤ ውጤቶቹም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሆኖም ጥያቄውን ከ«እርሱ ምን ጎደለው?» ወደ «በመካከላችን ምን ጎደለ?» አዛውሮታል።

ካነር በ1943 ከገለጻቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው። ይህ ሰው በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረ፤ በቤተሰቡ ባንክ ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብዙ አገር ጎበኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ። የቤተሰቡ ሀብት እንደረዳው አያጠያይቅም። ግን የከተማው ሰው ጠባዩን ዐውቆ ከነጠባዩ መቀበሉም ረድቶታል። ሕክምናው ሊሰጠው ያልቻለውን ቦታ ጎረቤቶቹ ሰጡት።

እኛ ጎረቤት የሌለን ሕዝብ አይደለንም። ዕድር፣ ማኅበር፣ ጽዋ፣ ደቦ አለን፤ ሁሉም የታወቀ ሥርዓትና የታወቀ ሚና አላቸው። የሚቀረን ነገር ቢኖር ይህ ሥርዓት የሚናገረውንና የሚሸፈነውን ብቻ ሳይሆን የማይናገረውንም እንዲይዝ ማስፋት ነው።

ለዚህ ተቋም ሦስት ነገሮችን አሳስቤ ልጨርስ። አንደኛ፣ በሥነ ልቡናና በጤና ትምህርት ክፍሎች ስለ ኦቲዝም የሚሰጠው ትምህርት በልጅነት እንዳይቆም፤ ልጆቹ ያድጋሉና። ሁለተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች የጎልማሶችን መመርመሪያ መጠይቅ ከባህላችን አንጻር መፈተሽን አስቡበት፤ ስለ ዓይንና ስለ ጨዋነት ያነሣሁት አንድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ መምህራን የፈተና ቀን ለውጥን፣ የቡድን ሥራ ድልድልንና የምዘና መመሪያን በጽሑፍና በጊዜው እንዲያሳውቁ። ከመካከላችሁ ማን እንደሚጠቀምበት አታውቁም፤ ተጠቃሚው ራሱም ላያውቅ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ዛሬ ስለ ራሱ እየጠረጠረ የሚያዳምጠኝ ሰው ካለ አንድ ነገር ልምከር። የእኔን ታሪክ ሰምቶ ለራስ ስም ማውጣት አይበቃም፤ ድብርት፣ ጭንቀትና ሌሎች ነገሮችም ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። ባለሙያ ያማክር፤ የልጅነቱን ምስክር ደግሞ በሕይወት ሳለች ይጠይቅ።

ጥያቄዎቻችሁን በደስታ እቀበላለሁ፤ ቢቻል አንድ በአንድ፣ በቀስታ።